ለጉልበት ዓምድ የለውም

ሚዛኑ ተንጠልጥሏል ከማንጎው ቅርንጫፍ፣
እኔም ከሥሩ ነኝ፣ እርሳስ ይዤ ልጽፍ።
አዳኙ ሲመለስ ከዛዲዬ ማዶ፣
ጀርባው በቅርጫት ጎብጦ፣ ጫማው በጭቃ ከብዶ፣
«ቆይ፣ መጀመሪያ ለኔ» እላለሁ፤ ያወርዳል፣
አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይረግማል።

ስም። ጾታ። ክብደት።
በጥይት ነው በወጥመድ? ለገበያ ነው ለቤት?
ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ወይስ ከወንዙ ማዶ?
አፌ እንደ ሰላምታ ጥያቄውን ለምዶ፣
በቀደም ሠርግ ላይ ሙሽራውን ሳየው
«ሰባ ሁለት ኪሎ» አልኩ፤ እህቴ ሰማችው።

ደብተሩን የሰጠኝ ዶክተር ኢፉንዳ ነው፤
«ደኑ እንዳያልቅባችሁ፣ የምትወስዱትን እንወቀው»
ብሎ ከሊብረቪል መጣ።
እኛ ሌላ ሥጋ የለንም። ከብት እዚህ በገንዲ ያልቃል፤
የዶሮ እግር በካርቶን ከባሕር ማዶ ይመጣል፣
ማኮኩ ሲደርስ ይወደዳል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ይሸታል።

በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ቤት ተሰበሰብን፤
በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሲያወርድ ተመለከትን፦
ቀይ ሚዳቋ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ታች።
ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ዶሮ ገባች፣ ወጣች።
ከኋላ ወንበር ሽማግሌው ቦኩሉ ተነሣ፦
«መስመርህ ውሸት የለውም፤ ግን እግሬን ረሳ።
አባቴ ወጥመዱን አይቶ ሲመለስ ጤዛው አይደርቅም ነበር፤
እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ከሌሊት ወፍ ጋር ነው የምገባው መንደር።
ከሰሌዳህ በፊት ይሄን ጉልበቴ ያውቀዋል፤
ለጉልበት ዓምድ የለውም፤ ደብተርህ ምን ይጽፋል?»

ኢፉንዳ ጠመኔውን አስቀመጠ። አልተከራከረም።
ማታውን በማስመሪያ፣ በኩራዝ ብርሃን፣
«የእግር ሰዓት» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርን።

ከዚያ የወንዙ ማዶ ሁለት ዝናብ ይረፍ ተባለ፤
እጅ ወጣ። የአጎቴ የማዱንጉ እጅ ከሁሉ ከፍ አለ።

ማዳም ክሎቲልድ ግን በፒክአፕ ትመጣለች በሌሊት፣
የበረዶ ሣጥኗን ጭና፤ ስም የማትጠይቅ ሴት፣
ቦታ የማትጠይቅ ሴት።
የአጎቴ ልጅ ሊሴ ገብታለች፣ ክፍያው ደርሷል፤
ረሃብ ያላሻገረውን ዕዳ ወንዝ ያሻግረዋል።

ማክሰኞ ንጋት ላይ መንጠቆዬ ሚዳቋ ሰቀለ፤
አሥራ ሰባት ኪሎ ተሩብ። ሴት። ሰኮናዋ ላይ ነጭ ሸክላ አለ።
ነጭ ሸክላ ከማዶ በቀር በዚህ አገር የለም።
«ከወዲህ ነው» አለ አጎቴ፤ ዓይኔን ግን አላየም።
ቢላዋው ሆዷን ሲከፍት ውሃ ከነጽንሱ ፈሰሰ፤
መዳፍ የሚያህል፣ ሰኮናው እንደ ሳሙና የለሰለሰ።

«ብዛት፦ አንድ» ብዬ ጽፌ ነበር።
እርሳሴ ቆመ።
ነፍሰ ጡር ነበረች።
ነፍሱን ወጥመዱ ወሰደው፤
ጡሩን በየትኛው መንጠቆ፣ በስንት ኪሎ ልመዝነው?

አጎቴ ማንበብ ባይችልም ሣጥኖቹን ያውቃቸዋል፦
ግራው ወዲህ፣ ቀኙ ማዶ።
እጄ ወደ ቀኝ ሲሄድ አይቷል።
አልጮኸም። ሥጋውን በቅጠል ጠቅልሎ ሄደ።

ማታ ሚስቱ ድርሻዬን ላከች፤ ጉበት፣ በበርበሬ።
በላሁ። ጣፋጭ ነበር። እሱንም አልደብቅም ዛሬ።

ከሳምንት በኋላ፣ መንደሩ ሲተኛ፣
የአንድ ሰው ባትሪ እየደከመች ወደ ማንጎው መጣች።
አጎቴ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃው ቀይ ነው፣ የወዲህ አፈር።
ቅርጫቱን ገለበጠው፤ አንድ ጃርት፣
ሦስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ።
ልሰቅለው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።
«የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ነው» አለኝ።
«መጀመሪያ እሱን ጻፊ።»